የጭስ አውጫጭኝ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ዓለም በርን ካለፈ በኋላ የፎገራ ሜዳ ከፊት ይዘረጋል። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ በታጠበበት በጥቅምት ሜዳው እስከ ጫፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጥርና በየካቲት ግን ያው ሜዳ ብዙ ቀን ግራጫ ነጠላ ተከናንቦ ይውላል፤ መሬቱ የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ይህ መጋረጃ ጭስ ነው ወይስ አቧራ? ጭስ ከሆነስ የማን ጭስ ነው? ከቋራና ከመተማ ቆላ የሚነደው ሣር? ከድንበር ማዶ የተነሣ ሰደድ እሳት? ወይስ እዚያው ከሥር ካለው መንደር ምድጃ የወጣው? ጥያቄው ለአንድ ስኒ ቡና የሚበቃ ወሬ ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ነገር ይወስናል። ጭሱ ከሩቅ የመጣ ከሆነ የደብረ ታቦር ሰው ቢመከር ቢዘከር አየሩን አያጠራውም። የራሱ ከሆነ ደግሞ ቆላውን መውቀስ ከንቱ ድካም ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው ዳኛ ሳተላይት ነው። “ከላይ ይታያል” ይባላል፤ ነገሩም ያለቀለት ይመስላል። እኔ የምሟገተው ሳተላይትን ከዳኛው ወንበር አውርደን ምስክሮቹ በሚቆሙበት እናቁመው ብዬ ነው። በሰዓቱ መጥቶ የሚሄድ፣ አንዱን አይቶ ሌላውን የሚስት፣ ካልጠየቁት የማይናገር ምስክር ነው። ምስክርን መመርመር ደግሞ ለአገራችን ሰው አዲስ ሙያ አይደለም። ቤት ተቃጥሎ ያቃጠለው ሲጠፋ፣ ከብት ተነድቶ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር፤ አውጫጭኝም ይሉታል። አንዱ ከብቱን ሲመልስ ያየውን፣ ሌላው ሌሊት የሰማውን፣ ስሙን ማውጣት የፈራው ደግሞ “ወፍ ነገረችኝ” ብሎ የሚያውቀውን ይዘረግፋል። የአውጫጭኙ ጥበብ ያለው ቃልን ከቃል በማጋጠሙ ላይ ነው። ጭስን ከሰማይ ሆኖ መከታተልም ከዚህ የተለየ ሥራ አይደለም፤ ወፏ ብረት ሆናለች እንጂ።

መጀመሪያ የሚጠራው ምስክር ጭሱን ጨርሶ አያይም፤ የሚያየው እሳቱን ነው። የሞቀ ነገር ሁሉ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ይረጫል፤ ነበልባል ደግሞ የሞገድ ርዝመቱ 4 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነው ብርሃን ሲታይ ከዙሪያው መሬት እጅግ ጎልቶ ይወጣል። ሱሚ ኤንፒፒ የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2011 ይዞት የመጠቀው ቪርስ የሚባል መሣሪያ፣ ከዚያም በ2017 እና በ2022 የተከተሉት ኖዓ 20 እና ኖዓ 21 ምድርን 375 ሜትር በ375 ሜትር እየከፋፈሉ በዚህ ብርሃን ይቃኛሉ። ከእነሱ ቀድመው ቴራና አኳ ሞዲስ በተባለው መሣሪያቸው ይህንኑ ሥራ 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ክፋይ ሲሠሩ ነበር። ናሳ ውጤቱን ሳተላይቱ ካለፈ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀይ ነጥብ እያደረገ በካርታ ላይ ለማንም በነጻ ያወጣዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ያንን ካርታ የሚከፍት ሰው ከመተማ ቁልቁል እስከ ጋምቤላ፣ ከዚያም ደቡብ ሱዳንን አልፎ እስከ መካከለኛው አፍሪካ ድረስ ምድሪቱ ኩፍኝ የወጣባት ይመስለዋል። የደቡብ ጎንደር ደጋ በአንጻሩ ፊቱ የጠራ ነው።

ችኩል ሰው እዚህ ላይ ፍርዱን ይሰጣል፤ ነጥቡ ቆላ ነው፣ ጭሱም የቆላ ነው ይላል። ታዲያ ነጥብ ማለት ምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። 375 ሜትር በ375 ሜትር ማለት 14 ሄክታር ገደማ ነው፤ ቀይ ነጥብ ግን 14 ሄክታር ነደደ ማለት አይደለም። የነበልባል ብርሃን ኃይለኛ ስለሆነ ከክፋዩ ጥቂት እጁ ብቻ ቢነድ መላው ክፋይ ይበራል። በክፋዩ ውስጥ የት ላይ እንደነደደም አይነግረንም። ይህ በደቡብ ጎንደር ተራ ጉዳይ አይደለም። በመጽሐፎቻቸው በሰፊው የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሥነ ምኅዳር ባለሙያነታቸው ያጠኗቸው የዚህ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በእርሻና በግጦሽ ባሕር መካከል እንደ ደሴት የቀሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከአንድ የቪርስ ክፋይ ያነሱ ናቸው። ነጥቡ ከደብሩ ላይ ሲወድቅ የነደደው ደኑ ይሁን ከግንቡ ውጭ ያለው ቁጥቋጦ ከዚያ ነጥብ አይታወቅም። ለዚያ 10 ሜትር ድረስ ለይቶ የሚያየው የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 መጠበቅ አለበት፤ እሱ ደግሞ ከቀናት በኋላ መጥቶ የሚያሳየው እሳቱን ሳይሆን ጠባሳውን ነው። ሙቀት ሁሉ ሰደድ እሳት እንዳልሆነም መርሳት አይገባም። በአፋር የኤርታ አሌ ቅላጭ ዐለት በዚሁ ካርታ ላይ የማይጠፋ እሳት መስሎ ይወጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት የጋፋት ምድጃ ዛሬ ከደብረ ታቦር አጠገብ ቢነድ ኖሮ እሱም በሌሊቱ ቅኝት ሳይመዘገብ አይቀርም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ሰዓቱ ነው። ቪርስን የተሸከሙት ሳተላይቶች በእኛ ሰማይ የሚያልፉት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ እንደገና ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተለኩሶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ያለቀ የሣር እሳት በእነሱ መዝገብ አልነደደም። ደመና ከጋረደውም እንደዚሁ። ይህን ጉድለት የሚሞላ ሌላ ምስክር አለ፤ ሜቴኦሳት የሚባለው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድ ቦታ የቆመ ስለሚመስል በየ15 ደቂቃው ያንኑ አገር ያያል። ነገር ግን ካለበት ርቀት የተነሣ ክፋዩ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ አንዱ ዓይኑ የሰላ አልፎ ሂያጅ መንገደኛ ነው፤ ሌላው ዓይኑ የደከመ ግን ከበሩ የማይነቃነቅ ዘበኛ። መንገደኛው የት እንደነደደ ይናገራል፤ መቼ እንደጀመረና መቼ እንደበረታ የሚያውቀው ዘበኛው ነው። ጭስን ለሚከታተል ሰው ሰዓቱ ከቦታው አያንስም፤ አራት ሰዓት የተጓዘ ጭስና አንድ ሰዓት የተጓዘ ጭስ የሚደርሱበት አገር የተለያየ ነውና።

አሁን ወደ ጭሱ መልክ እንምጣ። ከአንድ ቦታ የሚወጣ ጭስ ከላይ ሲታይ እንደ ጭራ ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ እሳቱ ላይ ነው፣ ሰፊው ጫፍ ነፋሱ የሄደበት። ይህ ለማንበብ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ጭራዎች ተቀላቅለው አንድ ጉም ሲሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ጫፍ የሚባል ነገር አይኖርም። ጭስ የሚመስል ነገርም ብዙ ነው። ከደቡብ ጎንደር ድንበር ላይ፣ ከደራ ማዶ፣ እሳት የሌለው ጭስ በስሙ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ጢስ ዓባይ። ፏፏቴው የሚረጨውን የውሃ ብናኝ አይቶ ጢስ ያለው ሰው ተሳስቶ አይደለም፤ ዓይን ብቻውን እስከዚያ ድረስ ነው የሚሄደው። ሳተላይትም በተራ ፎቶግራፉ ከዚህ አይርቅም። ቀጭን ደመና፣ የጠዋት ጉምና አቧራ እንደ ጭስ ሊመስሉት ይችላሉ።

የሚለያቸው በየቀለሙ ለየብቻ መጠየቅ ነው። የጭስ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ይበትናል፤ ረጅም ሞገድ ያለው ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን በመካከሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ በሰማያዊው ቀለም አገሩን የሸፈነው መጋረጃ በረጅሙ ሞገድ ሲታይ ተገልጦ ከሥሩ ያለው ማሳና ወንዝ ብቅ ካለ ጭስ ነው። በሁለቱም ሳይገለጥ ከቀረ ደመና ነው። አቧራው ያስቸግራል፤ ከሱዳን በረሃም ከዓረብም ከአፋርም ሊመጣ ይችላል፤ ከጭስ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ደግሞ ቡናማነቱ አያስለየውም። እዚህ ላይ የሚረዳው እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀው ሴንቲኔል 5ፒ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ይለካል። ይህ በደንብ ያልነደደ ነገር ሁሉ የሚተፋው ጋዝ ነው፤ ቤት ዘግቶ ከሰል የሚያነድ ሰው የሚሞተው በእሱ ነው። አፈር ይህን ጋዝ አይተፋም። መጋረጃው ወፍሮ ጋዙ ካልጨመረ አቧራ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከጨመሩ የሆነ ቦታ የነደደ ነገር አለ። “የሆነ ቦታ” ያልኩት አውቄ ነው። ጋዙ በአየር ላይ ሳምንታት ስለሚቆይ የትናንቱን እሳት ከባለፈው ሳምንቱ አይለየውም።

ከዚህ በኋላ የሚጠራው ነፋስ ነው፤ ብዙ የተለመደ ክስ የሚፈርሰውም በእሱ ቃል ነው። በበጋ ወራት በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ላይ ከመሬት ቀረብ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ቋራና መተማ ሲነዱ ጭሳቸው ደጋውን በጀርባው ትቶ ፊቱን ወደ ሱዳን አዙሮ ይሄዳል። ከዚያ ከደቡብ ሱዳን ጭስ ጋር ተገናኝቶ ወደ መካከለኛው አፍሪካ፣ አልፎም ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይነዳል። እንግዲህ በካርታው ላይ እጅግ የቀላው አገር፣ እጅግ ቅርቡና እጅግ ተጠርጣሪው፣ በታኅሣሥና በጥር ለደብረ ታቦር ጭጋግ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂ አይደለም። የቅርብ ጎረቤት ስለሆነ ብቻ ነው የተጠረጠረው። ይህ ማለት ሁልጊዜ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው የቀን ነፋስ ከቆላ ወደ ደጋ ሽቅብ ይወጣል፤ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ደግሞ ነፋሱ ይዋዥቃል፣ ከደቡብና ከምዕራብ የሚገባበት ቀን ይበዛል። ስለዚህ ፍርዱ ለወቅቱ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ቀን እየተቆጠረ ነው።

ነፋስ ደግሞ አንድ አይደለም፤ እንደ ፎቅ ተደራርቦ በየደርቡ የተለያየ አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ከራሳችን አገር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ በማግስቱ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ ደረሰ፤ የህንድ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። በፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ መከታተያ ማዕከል በሳተላይት እየተከተለ ለፓይለቶች ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ነበር። በዚያ ከፍታ በዚያ ወቅት ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሮጠው። በዚያው ኅዳር ከመተማ የሚነሣ የሣር ጭስ ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል እንኳ ከወጣ ብዙ ነው፤ የሚወስደውም የታችኛው ነፋስ ወደ ምዕራብ ነው። አመዱ ወደ ህንድ፣ ጭሱ ወደ ሱዳን። የጭሱን ከፍታ ሳያውቅ “ዛሬ ነፋሱ ወዴት ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገና ጥያቄውን አልጨረሰም።

ከፍታ በደቡብ ጎንደር ሌላ ትርጉምም አለው፤ እኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይተኛል፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትቀመጣለች፤ ጉና ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ይህ ሁሉ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። አንድ የጭስ ንጣፍ ጀርባው 2,300 ሜትር ላይ ቢሆን የፎገራ ሰው በውስጡ ሆኖ ያስላል፤ ደብረ ታቦር ግን ከበላዩ ሆና በጠራ አየር ታየዋለች። ንጣፉ በ3,500 ሜትር ላይ ቢያልፍ ደግሞ ከተማይቱ ሰማዩ የነጣ ፀሐይዋም የፈዘዘች ሆና አፍንጫዋ ምንም አይሸትም፤ የሚነካው የጉናን ጅብራና አስታ ነው። ከላይ ቁልቁል ለሚያይ ሳተላይት ሁለቱም በፎቶው ላይ ያው ግራጫ ጭረት ናቸው፤ ስፋቱን ይለካል፣ ቁመቱን አያውቅም። ቁመቱን የሚለኩት የጨረር ምት ወደ ታች ልከው መልሱን የሚቀበሉ ናቸው፤ ካሊፕሶ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2023 ሠርቶ አረፈ፤ ኧርዝኬር በ2024 ተተካ። የእነሱ ጣጣ ደግሞ የሚያዩት እንደ ክር የቀጠነ መስመር ብቻ መሆኑ ነው፤ ክሩ በጉና ላይ የሚያልፍበትን ቀን መጠበቅ የግድ ነው።

ነፋሱን ወደ ኋላ የሚያስኬድ የስሌት ፕሮግራምም አለ። ሃይስፕሊት ይባላል፤ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖዓ ያዘጋጀው ነው፣ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። “በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ደብረ ታቦር ላይ የነበረው አየር ከሦስት ቀን በፊት የት ነበር?” ተብሎ ሲጠየቅ በካርታ ላይ መስመር ይስላል። መስመሩ ሲታይ እንደ ማስረጃ ያጓጓል፤ እኔ ግን በደጋ አገር በጥርጣሬ እንዲታይ እመክራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመገበው የዓለም አቀፍ የነፋስ መረጃ በአንድ ዲግሪ ክፋይ የተዘጋጀ ነው፤ ይህ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉናና ፎገራ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በአንድ ክፋይ ውስጥ ይወድቃሉ። ስሌቱ የሚያውቀው ደቡብ ጎንደር ተራራውም ሜዳውም ተደምረው ለሁለት የተካፈሉበት፣ በምድር ላይ የሌለ አምባ ነው። በእንዲህ ያለ አምባ ላይ ነፋስ በርብ ሸለቆ አይወርድም፣ በጉና ወገብም አይዞርም። መስመሩ አገር ለአገር ሲሆን ይታመናል፤ ቀበሌ ለቀበሌ ሲሆን አይታመንም።

“ይህ ሁሉ ለምን? ጭስ ሲነሣ ቀድሞ የሚያየው እረኛው ነው” የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻና በሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ሲነሣ ዋሊያ በሚውልበት ገደል አፋፍ ላይ ቅጠል ይዞ የተራወጠው የአካባቢው ሰው ነበር፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል 10 የእሳት አደጋ ባለሙያዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለእሳት ጥሪ እረኛ ከሳተላይት ይቀድማል፤ አልከራከርም። ነገር ግን እረኛ የሚያየው እስከ ማዶው ሸንተረር ነው። በ1992 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት በባሌና በቦረና የተነሣው ሰደድ ከ100,000 ሄክታር በላይ ሲበላ የእያንዳንዱ መንደር ሰው የራሱን እሳት ያውቅ ነበር፤ ስንት እሳት እንደሆነ፣ የትኛው ወደየት እንደሚሄድ፣ የትኛውን መተው የትኛውን መያዝ እንደሚሻል ከአንድ መንደር ሆኖ ማየት አይቻልም ነበር። የሚያሳዝነው አጋጣሚ፣ ከሁለት ወር በፊት የመጠቀው ቴራ ሞዲስን የከፈተው በዚያው የካቲት፣ በ16ኛው ቀን ነው፤ ባሌ ስትነድ አዲሱ ዓይን ገና እየተገለጠ ነበር፣ በየቀኑ የሚወጣው የእሳት ካርታም አልነበረም። እንግዲህ ሁለቱን ማወዳደር ራሱ ስህተት ነው። እረኛው “እሳት አለ” ይላል፤ ሳተላይቱ “ስንትና ወዴት” ይላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ይህ ሁሉ ዓይን የሚያርፈው በመጨረሻ በድሃ ገበሬ ላይ ነው የሚል። እውነት አለው። ቀይ ነጥብ ያለ ታሪኩ ሲታይ ክስ ነው። ቆላ ውስጥ እሳት የሚለኮሰው በብዙ ምክንያት ነው፤ አሮጌው ሣር ተቃጥሎ ለከብት ለጋው እንዲበቅል፣ መዥገር እንዲጠፋ፣ ለሰሊጥ መሬት እንዲጸዳ፣ ማር ሲቆረጥም በቸልታ። ሳተላይት እሳቱን እንጂ የለኮሰውን እጅ አያይም፤ ምክንያቱንማ ከየት ያመጣዋል። ግን ነጥቡን መሸፈን ለገበሬውም አይጠቅመውም። በመተማና በቋራ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ለዚህ ማሳያ ነው። ትልቁ ዛፍ የሣር እሳትን ይችለዋል፤ ችግኙ አይችለውም። በየዓመቱ ሲነድበትና በከብት ሲጋጥ ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ያለበት፣ ተተኪ የሌለው ደን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዚህና ዛፉን ከመጠን በላይ በማቁሰል የተነሣ የዚህ ዛፍ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። የትኛው ጉብታ በየዓመቱ እንደነደደ፣ የትኛው ሦስት ዓመት እንዳረፈ ከሃያ ዓመት የሳተላይት መዝገብ ላይ ማውጣት ይቻላል። ዕጣን ለሚለቅመው ሰው ይህ ክስ አይደለም፤ የቱን ቦታ ከልሎ ችግኝ ማሳደግ እንደሚችል የሚነግረው ነው። ደብረ ታቦር ላይ ለቅዳሴ ከጽና የሚወጣው ጭስም ዕድሜው የሚወሰነው እዚያ ቆላ በሚነደው ሌላ ጭስ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከላይ የቆጠርናቸው ምስክሮች ሁሉ አንድ ላይ ቢቆሙ፣ ቃላቸውም ቢገጥም፣ የደቡብ ጎንደር ሰው በየቀኑ የሚተነፍሰውን ጭስ አንዳቸውም አላዩትም። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤት ዘጠኝ ያህሉ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰልና በመሰሉት ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው በፋርጣ ጭድ አይቃጠልም፤ የከብት ቀለብ ነው። እንጨት ባነሰበት ኩበት ይነዳል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮም ይታከልበታል። የእንጀራ ምጣድ የሚያሞቀው ይህ እሳት ጣሪያ ሥር ነው፤ ጭሱ መጀመሪያ ጋጋሪዋን፣ በጀርባዋ ያዘለችውንም ልጅ አዳርሶ ነው በክዳኑ ሥር ሾልኮ የሚወጣው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሺህ ቤት የወጣው ጭስ በሌሊቱ ብርድ ከታፈነው አየር ጋር ተደባልቆ ከጣሪያ ብዙም ሳይርቅ በሸለቆው ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ መሬቱ ይሞቃል፣ አየሩ ይላወሳል፣ የጭሱ ንጣፍ ይበተናል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሳተላይቱ ሲያልፍ የሚያገኘው የጸዳ ሰማይ ነው፤ መዝገቡም ላይ “ጭስ የለም” ይላል።

ስለዚህ ቀይ ነጥብ የበዛበት ቆላ ጭሳም፣ ነጥብ የሌለበት ደጋ ንጹሕ ነው ብሎ ማንበብ ምስክሩ ያልጠየቅነውን መለሰ ማለት ነው። ያልታየ ጭስ በነጻ የተለቀቀ ጭስ አይደለም፤ ስለ እሱ የሚመሰክረው ከጓዳ የሚቀመጥ መለኪያ፣ ወይም የጋጋሪዋ ዓይንና ሳል ነው። እንዲያውም ሳተላይቱ ለዚህኛው ጉዳይ የሚሰጠው ጥቅም በተዘዋዋሪ ነው፤ ነፋሱን ቆጥረን፣ ጋዙን ለክተን፣ የቆላውን ጭስ በታኅሣሥና በጥር አየር ላይ ካለው ድርሻ ስንቀንሰው የሚቀረው ወይ አቧራ ነው ወይ የራሳችን ምድጃ። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል እንጨቱንም ጭሱንም ይቀንሳል፤ አንድም ቀይ ነጥብ ግን ከካርታው ላይ አያጠፋም፣ መጀመሪያም አልነበረምና።

ማታ 1 ሰዓት ላይ በደብረ ታቦር ዙሪያ እንደገና እሳት ይለኮሳል፤ ወጡ ይጣዳል፣ ጭሱ በየክዳኑ ይወጣና ከብርዱ ጋር ቁልቁል ወደ ርብ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት እሳትን ለይቶ የሚያየው መንገደኛ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተመልሶ ሲያልፍ በየጓዳው ፍሙ በአመድ ተዳፍኗል።